ከአንድ ብርቱ ሁለት… ባትሪ!

ባለፈው ጊፋታ ሶዶ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ተሰብስበን ነበር። ለማያውቀው አንባቢ ልንገር፤ ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፣ መስከረም ውስጥ ከመስቀል ሰሞን ጋር ይውላል። ዓመቱን ሙሉ ወንዶቹ ለበሬ መግዣ፣ ሴቶቹ ለቅቤ በቡድን ሲያጠራቅሙ ይከርሙና ያ ሁሉ ቁጠባ በአንድ ሳምንት ሆድ ውስጥ ይገባል። እኛም ቤት ቁርጡ ቀርቧል፣ ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፣ ሙቹዋው በቅቤ ርሷል። የወንድሜ ልጅ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከካናዳ መጥቷል። ቤቱ ጢም ብሏል።

ልጁ ጨዋታው መሐል እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ አንድ ሰዓት አሳየን። ሰዓት አልኩት እንጂ የስኒ ማስቀመጫ ያህላል። ለካስ ልጃችን በሰው አገር የባሕር ሆድ መጎብኘት ጀምሯል፤ ስኩባ የሚሉትን። ጀርባው ላይ የታመቀ አየር ያለበት ሲሊንደር አዝሎ፣ አፉ ላይ መተንፈሻ ነክሶ፣ ከዓሣ ጋር ሽርሽር ይወጣል። የእጅ ሰዓት የመሰለው ነገር «ዳይቭ ኮምፒውተር» ነው። ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምን ያህል አየር እንደቀረው፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየፈጠነ እንደሆነ ይነግረዋል። ሲያጠፋ ይጮኽበታል፤ ይነዝረዋል።

«ድሮ ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንገባው» አለ ልጁ። «ባልንጀራ ይሰጡናል። አሁን ግን ምን ያደርግልኛል? ይኸው ባልንጀራዬ!» ሰዓቱን መታ መታ አደረገው። ሲመለስ በግብፅ በኩል አልፎ ቀይ ባሕር ላይ ብቻውን ሊጠልቅ አስቧል።

ሰዓቱ ከእጅ እጅ ዞረ። ሁሉም አደነቀ። እናቱ ብቻ አገላብጣ አየችውና «ብትሰምጥ ይጎትትሃል?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ እስቲ ይፍረዱ» አለ።

አልፈረድኩም። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ታላቅ ወንድሜ በከዘራው መሬቱን ጫር አድርጎ አየኝ። ዝም አልኩ። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ለምን ዝም እንዳልኩ ወደ በኋላ እናገራለሁ። ያኔ በአፌ ያልመለስኩትን ግን አሁን በብዕር ልመልስ።

ጉዳዩ የአንድ ቅምጥል ዲያስፖራ መዝናኛ ብቻ መስሎት ገጹን ሊያልፍ የቃጣው አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። ልጁ የተናገረውን ነገር ሁላችንም በየቤታችን እየኖርነው ነው።

*

መጀመሪያ ባልንጀራ ለምን እንደተፈለገ እንይ። ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ዛሬ የምናውቀውን የስኩባ መተንፈሻ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ከመርከብ በተዘረጋ የአየር ቱቦ ሳይታሰር ውሃ ውስጥ መንሸራሸር ቻለ። ነፃነቱ ግን ዋጋ አለው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በላያችን ላይ ካለው የአየር ክብደት ጋር እኩል የሆነ ጫና ይጨመራል። 30 ሜትር ላይ ጫናው አራት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በተነፈስክ ቁጥር ከሲሊንደሩ የምትስበው አየር ምድር ላይ ከምትስበው አራት እጥፍ ይሆናል። ላይ ሆነህ የአንድ ሰዓት ቀለብ የመሰለህ፣ ታች ሩብ ሰዓት ነው። ደንግጠህ ማለክለክ ከጀመርክ ደግሞ እሱም የለም።

ሁለተኛው ጣጣ ናይትሮጅን ነው። በጫና ውስጥ የተነፈስከው ናይትሮጅን ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። በዝግታ ከወጣህ በሳንባህ በኩል ይሄዳል። ከፈጠንክ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያህን፣ ሲከፋም አከርካሪህን ይመታል። ከ30 ሜትር በታች ስትዘልቅ ደግሞ ያው ናይትሮጅን ያሰክራል። የዚህ ስካር ክፋቱ እንደ ጠላ ስካር ነው፤ ሰካራሙ መስከሩን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ባልንጀራ የተፈለገው ለዚህ ነው። የሰከረን ሰው ሰክረሃል ብሎ ክንዱን ይዞ ወደ ላይ የሚመራው አጠገቡ ያለ ሰው ነው።

ሕጉም ቀላል ነው። ከመግባታችሁ በፊት አንዱ የሌላውን ማሰሪያ፣ ክብደትና አየር ይፈትሻል። እያንዳንዱ ጠላቂ ከራሱ መተንፈሻ ሌላ ለባልንጀራው የሚሰጠው ትርፍ መተንፈሻ ከዚያው ሲሊንደር ላይ ያንጠለጥላል። ያንዱ አየር ቢያልቅ ሁለቱ ከአንድ ሲሊንደር እየሳቡ አብረው ይወጣሉ። እኛ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የምንለውን እነሱ በጎማ ቱቦ አስረው ሠሩት።

*

አሁን የወንድሜን ልጅ ክርክር እንደ ጠበቃው ሆኜ ላቅርብለት። ተቃዋሚን በደካማ ጎኑ መምታት ወግ አይደለም።

አንደኛ፣ መሣሪያው በእርግጥ አድኗል። ድሮ ጠላቂዎች ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችሉ በባሕር ኃይል ሠንጠረዥ ነበር የሚያሰሉት፤ በወረቀት፣ በጭንቅላት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒውተሩ ገበያ ላይ ዋለና ያን ስሌት በየሰኮንዱ ይሠራላቸው ጀመር። የሰከረ ጭንቅላት ሒሳብ ሊሳሳት ይችላል፤ ማሽኑ አይሰክርም።

ሁለተኛ፣ ባልንጀራ ሁሉ ባልንጀራ አይደለም። ብቻህን መርከብ ላይ ስትወጣ አስጎብኚው የማታውቀውን ሰው ያጣምድሃል። ያ ሰው ካሜራውን ይዞ ዓሣ ሲያሳድድ አንተን ይረሳሃል። ወይም እሱ ራሱ ደንጋጭ ይሆንና የአንተን መተንፈሻ ከአፍህ ይነጥቃል። ልጁ «ከመጥፎ ባልንጀራ ብቸኝነት ይሻላል» ሲል ውሸቱን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሁለት መሆንም የማይበቃበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 አውስትራሊያ ውስጥ ታላቁ የኮራል ዘርፍ ላይ አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ከሌሎች ጠላቂዎች ጋር ገቡ። መርከቡ ላይ ያሉት ሰው ሲቆጥሩ ተሳሳቱ፤ ሁለቱን ባሕር ላይ ጥለው ሄዱ። መቅረታቸው የታወቀው ሻንጣቸው መርከቡ ላይ ከተገኘ በኋላ፣ ሁለት ቀን አልፎ ነው። ከዕቃቸው አንዳንዱ ወደ ዳርቻ ወጣ እንጂ እነሱ አልተገኙም። ከባልና ሚስት የበለጠ ባልንጀራ ከየት ይመጣል? ዛሬ መዳፍ የሚያህል መሣሪያ አለ፤ ውሃው ገጽ ላይ ሆነህ ስትከፍተው ያለህበትን ቦታ በአካባቢው ላሉ መርከቦች ይናገራል። ያን ጊዜ ያ ነገር እጃቸው ላይ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ነበር።

እንግዲህ እኔ መሣሪያ ጠል አይደለሁም። ይህን አስመዝግቡልኝ።

*

ነገር ግን፣ ወዳጄ፣ መሣሪያው የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይተን እንወቅ። ሰዓቱ አየርህ ማለቁን ይነግርሃል፤ አየር አይሰጥህም። የዓሣ አጥማጅ መረብ እግርህን ቢጠልፍህ ጥልቀቱን በአሥርዮሽ ነጥብ ያነብልሃል፤ መረቡን አይቆርጥም። ራስህን ብትስት መንዘሩን ይቀጥላል፤ ባትሪው እስኪያልቅ። ቦታህን የሚናገረው ያ መሣሪያም ቢሆን የሚሠራው ውሃው ላይ ስትወጣ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ በባሕር ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ታች ስልክ የለም፣ ሳተላይት የለም። ታች ያለው ሰው ብቻ ነው።

ደግሞ አለ የባሰ። አንዳንዱ ኮምፒውተር የባልንጀራህን የአየር መጠን ጭምር አንጓህ ላይ ያሳይሃል። ጥሩ ነገር ይመስላል። ግን ምን ይሆናል? ቁጥሩን ስለምታይ ፊቱን ማየት ትተዋለህ። ሰው ሲጨነቅ ቀድሞ የሚታወቀው በቁጥር አይደለም፤ መነጽሩ ውስጥ ዓይኑ ይፈጣል፣ እጁ ቦታ ያጣል፣ ከአፉ የሚወጣው አረፋ ይቸኩላል። ይህን የሚያነብ ዓይን ያለህ አንተ ነህ። ቁጥሩ «120 ባር፣ ሰላም ነው» ሲልህ ሰውየው ግን ሰላም ላይሆን ይችላል።

ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ አፍሪካችን ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቡሽማንስ ሆል የሚባል፣ ውሃ የሞላው እጅግ ጥልቅ ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዲዮን ድሬየር የተባለ ወጣት ጠላቂ እዚያ ገብቶ ቀረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዴቪድ ሾው የተባለ አውስትራሊያዊ አብራሪ 270 ሜትር ላይ አስከሬኑን አገኘው። ሾው ለወላጆቹ አስከሬኑን ሊያወጣላቸው ጥር 8 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ.) ተመልሶ ገባ። መሣሪያ ያልጎደለው ሰው ነበር። የተነፈሰውን አየር አጣርቶ መልሶ የሚያስተነፍስ ማሽን አዝሏል፤ የራስ ቁሩ ላይ ካሜራ አለው።

ያ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ብቻውን ነበር። የመብራቱ ሽቦ ከገመዱ ጋር ተጠላለፈበት። እሱን ለማላቀቅ ሲታገል ትንፋሹ በረታ፣ የተቃጠለው አየር ተጠራቀመ፣ ራሱን ሳተ፤ በዚያው ቀረ። ካሜራው ሁሉን ቀርጿል። አሟሟቱን የምናውቀው በዚያ ነው። ምስክር ሆነ እንጂ አላዳነውም።

ከእሱ በላይ ሊጠብቀው የመጣ ዶን ሸርሊ የሚባል ጓደኛው ነበር። የሾው መብራት ታች ሳይንቀሳቀስ ቢያይ ከታሰበው በላይ ወረደለት። 250 ሜትር ግድም ሲደርስ የመተንፈሻ ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በጫናው ተሰብሮ ሞተ። ሸርሊ ኦክስጅኑን በእጁ እየመጠነ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ። መንገድ ላይ የውስጥ ጆሮው ተጎዳ፤ ዓለም ዞረበት፣ አስታወከው፣ ላይና ታች ጠፋበት። ወደ ላይ ለመውጣት ከ10 ሰዓት በላይ ፈጀበት። ያን ሁሉ ሰዓት ማን አቆየው? ተራ በተራ ወደ እሱ እየወረዱ የያዙት፣ ያረጋጉት፣ አየር ያቀበሉት ጓደኞቹ ናቸው። መሣሪያው ሞቶ ሰው ተረፈ።

ጓደኛም ሾውን አላዳነው ይሆናል የሚለኝ አለ። ልክ ነው፤ አላዳነውም። አጠገቡ ማንም ስላልነበረ።

*

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ወላይታ ባሕር የለውም ብላችሁ አትሳቁ። በደቡብ በኩል አባያ አለ፤ ቀይ ቡና የመሰለ ውሃ፣ አዞና ጉማሬ ያለበት። በምዕራብ በኩል ኦሞ ላይ፣ በእኛና በዳውሮ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት አለ፤ ከ240 ሜትር በላይ የሚቆም ግድብ ያቆረው ጥልቅ ውሃ ደጃችን መጥቷል። እኔ ግን ልናገር የፈለግኩት ስለ ጉድጓድ ነው።

በልጅነቴ ሰፈራችን የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር እያየሁ ነው ያደግኩት። ቆፋሪዎቹ ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ላይ ሆኖ ገመድ ይይዛል። ጠዋት ከመውረዳቸው በፊት የበራ ኩራዝ በገመድ ወደ ታች ይለቃሉ። ኩራዙ ከጠፋ ታች ያለው አየር ተበላሽቷል፤ ማንም አይወርድም። በርቶ ከተመለሰ ይወረዳል። እነሆ የእኛ «ዳይቭ ኮምፒውተር»! ኩራዙ ሁሉን አይናገርም፤ የማያጠፋው መርዝም አለ። ስለዚህ ኩራዙ በርቶ ቢመለስም ገመድ ያዡ ገመዱን አይለቅም ነበር። አንድ ጊዜ እኛ ልጆች ስናወራው የተቆጣንን አልረሳም፦ «እኔ አሁን የእሱ ትንፋሽ ነኝ፤ አታናግሩኝ!»

ኩራዝና ገመድ። አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይጎትታል። አንዱን በሌላው የለወጠ ቆፋሪ በሰፈራችን አላየሁም።

ገመድ ያለ ኩራዝ ምን እንደሚያደርግም አይተናል፤ በቅርቡ፣ እንባችን ሳይደርቅ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ ጌዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ጎረቤት አልቆመም። በባዶ እጁም፣ በአካፋም ሊቆፍር ሮጠ። መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሮጡ። ሰው በሰው ላይ ተረባርቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣና አዳኞቹን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በዚያው ክረምት በራሱ በወላይታ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ውስጥ ናዳ የሰው ሕይወት ቀጠፈ። የጎፋ ሰው ባልንጀራነት አልጎደለውም፤ ከዚያ የበለጠ ባልንጀራነት በምድር ላይ አላውቅም። የጎደለው «ተራራው ገና አልጨረሰም፣ አትጠጉ» የሚል ምልክት ነው። ያን የዝናብና የአፈር ምልክት የሚያነብ መሣሪያ፣ ያነበበውንም ለቀበሌው የሚያደርስ ሰው ነው። ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ቢሮዎች እዚህ አሉ። ይህን የምጽፈው እነሱም እንዲያነቡት ነው። የመሣሪያ እጥረት ሕዝብ የሚቀብርበት አገር ውስጥ ቁጭ ብዬ መሣሪያን አልረግምም።

የምረግመው ልውውጡን ነው። መሣሪያ በገዛን ማግስት ሰውን የምናሰናብትበትን ልማድ። ልጃችን ማታ ትምህርት ቤት ስትሄድ ወንድሟ ይሸኛት ነበር፤ ስልክ ተገዛላትና ወንድምየው ቤት ቀረ። «ችግር ካለ ትደውላለች።» አሮጊቷ እናት ቤት የጎረቤት ልጅ ታድር ነበር፤ ውጭ ያሉት ልጆች ስልክ ላኩና ልጅቷ ቀረች። «በቪዲዮ እናያታለን እኮ!» እናያታለን፤ እሳት ዳር ወድቃም እናያታለን። ከዚያ ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ማን እጇን ይይዛታል? ስልኩ ጠላት አይደለም። ስልኩ ሲገባ በሌላው በር የወጣው ሰው ነው የሚያሳስበኝ።

*

አሁን ዝም ያልኩበትን ምክንያት ልናገር። ወንድም ጋሼን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው።

ወንድም ጋሼ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከአንድ የዕድሜ እኩያው ጋር ዳሞታን ይወጣ ነበር። ዳሞታ ከሶዶ በላይ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ የሚጠጋ ተራራችን ነው። ጓደኛው ቀርፋፋ ነው፣ ያንኑ ወሬ ደጋግሞ ያወራል፣ በየመቶ ሜትሩ ይቀመጣል። ወንድም ጋሼ ያማርረው ነበር። አንድ ዘመን ልጁ ከካናዳ ዘመናዊ ስልክ ላከለት። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ያለበትን ቦታ ያሳያል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ ይደውላል። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ተብሎ የተመዘገበው ማን ነው? እኔ።

ከዚያ ወዲያ ወንድም ጋሼ ያን ቀርፋፋ ሰው መጠበቅ ተወ። ለምን ይጠብቀው? ጓደኛው ኪሱ ውስጥ አለ። እኔም ደስ አለኝ። ድሮ ቅዳሜ ጠዋት «ወንድም ጋሼ ገባ?» ብዬ ቤቱ እደውል ነበር። ስልኩ ከመጣ ወዲህ ያንን ተውኩ፤ አንድ ነገር ቢሆን ይደውላል ብዬ።

አንድ የክረምት ቅዳሜ አዳልጦት ገደል ዳር ወደቀ። የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ስልኩ አልተሰበረም። ኔትወርክ ነበር፣ ባትሪ ነበር፣ ቁልፉ ሠራ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለልኝ። እኔ ለጋዜጣ የሚሰጥ ጽሑፍ ለማድረስ ድምፁን አጥፍቼ፣ ስልኩን በግንባሩ ደፍቼ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። አራት ሰዓት ያህል ዝናብ ላይ ተኛ። ያገኘችው እንጨት ለቅማ የምትወርድ ልጅ ናት። ስልክ የላትም። ሸክሟን ጣለችና ጮኸች። ጩኸቷን የሰሙ ሰዎች በቃሬዛ አወረዱት።

ስልኩ ሥራውን ሠርቷል። ያልሠራሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ያልሠራሁት ስልኩ ስላለ ነው፤ የእኔን ጥበቃ ለእሱ አስረክቤ ስለነበር። ያ ቀርፋፋ ሰው አብሮት ቢሆን ኖሮ፣ ወሬውን አቁሞ በየመቶ ሜትሩ የሚያርፍበትን እግሩን አንስቶ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይጠራ ነበር።

ልጁ ይህን አያውቅም። ግቢ ውስጥ አዳልጦት ነው የተባለው። የላከው ስጦታ እንዳይቆጨው አባቱ ነው እንዲህ ይነገረው ያለው። በጊፋታው ዕለት ልጁ «እስቲ ይፍረዱ» ሲለኝ ወንድም ጋሼ ከዘራውን ጫር ያደረገው ለዚህ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሄጄ ልጻፈው ወይ አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጻፈው» አለኝ፤ «የስልኩ ጥፋት ግን እንዳታደርገው። የልጄ ጥፋትም አታድርገው።» አላደረግኩትም።

*

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው፣ የወንድሜ ልጅ።

ሰዓትህን እሰር። አታውልቀው። ባሕር ላይ ቦታህን የሚናገረውንም ግዛ፤ የእኔ ጡረታ ቢፈቅድ እኔ እገዛልህ ነበር። ከዚያ ደግሞ ባልንጀራ ያዝ። መጥፎ ባልንጀራ ከሰጡህ አልቀበልም በል፤ ከመግባትህ በፊት ግማሽ ሰዓት አውራው፣ ማሰሪያውን ፈትሽለት፣ ያንተን ያስፈትሽ። ሰነፍ ከሆነ አትግባ። ብቻቸውን ለሚጠልቁ ሰዎች ሥልጠና የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ ትለኝ ይሆናል። አሉ። ግን እነሱ እንኳ ሰዓት አስረህ ግባ አይሉም፤ ከዋናው የተለየ ሁለተኛ የአየር ምንጭ ካልያዝክ አያስገቡህም። ብቻህን ስትሆን ባልንጀራህን ለማካካስ ሌላ ሲሊንደር ሙሉ ትሸከማለህ ማለት ነው። ባልንጀራ ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ እወቅ።

ሌላም ልንገርህ። እስካሁን የተናገርኩት ባልንጀራህ ለአንተ ስለሚያደርገው ነው። አንተስ ለእሱ? ብቻህን ስትገባ አንተ ብቻ አይደለህም ጠባቂ የምታጣው፤ ያ አስጎብኚው ጥንድ ያጣለት ሰውም አንተን ያጣል። ምናልባት ያ ሰው ነው በዚያ ቀን ሊሰክር ያለው። የእሱን መስከር የምታየው አንተ ነበርክ።

ለሌሎቻችሁም፣ ስልክ ለገዛችሁ ሁሉ፦ ለአባታችሁ ስልክ ስትሰጡ ከስልኩ ጋር አብሮት የሚሄደውን ሰው ስም ጠይቁ። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሆናችሁ ስማችሁ የተመዘገበ ከሆነ፣ እሱ ቀጠሮ እንደሆነ እወቁ፤ ደዋዩ ወድቆ ነው የሚደውለው። ድምፁን አታጥፉ። አለዚያም ስሜን ሰርዙልኝ በሉ፤ ቢያንስ ሰውየው የተማመነበት ገመድ ከምንም ጋር እንዳልታሰረ ይወቅ።

ወንድም ጋሼ ከዚያ ወዲህ ዳሞታን አልወጣም። እግሩ እስከ ግማሽ መንገድ እንኳ አይወስደውም። ያ ቀርፋፋ ጓደኛው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ተራራውን እያዩ ያንኑ የድሮ ወሬ ያወራል። ወንድም ጋሼ አያቋርጠውም።

አንተ ደግሞ፣ ልጄ፣ ቀይ ባሕር ስትደርስ ጻፍልኝ። የሰዓቱን ሥራ አድንቄልሃለሁ፤ ደግመህ አትንገረኝ። አብሮህ የሚገባውን ሰው ስም ብቻ ላክልኝ። ስልኬ ድምፁ ተከፍቷል።